ቀለበቱ ከምን ጋር ታሰረ? የፕሮፔለር ሻፍት መከላከያ ለሚገዙ ንጽጽር

ባለፈው ግንቦት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ዕቃ ጠየቁኝ። አንደኛው ሜሪላንድ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የ2012 ሥሪት የሆነ ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ አለው፤ እሑድ እሑድ ወደ ውድድር ሜዳ እየወሰደ የሩብ ማይል ሩጫ ይሮጥበታል። የሦስት ዕቃዎች ፎቶግራፍ ልኮ «አጎቴ፣ የትኛውን ልግዛ?» አለኝ። ሁለተኛው የደሴ ልጅ ነው። የድሮውን፣ የኋላ ጎማ የሚገፋውን ዲኤክስ ኮሮላ ሞተሩን ቀይሮ፣ ጎማውን አስፍቶ፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ብየዳ ቤቴ በር ላይ አቆመው። የኋላ ወንበሩ ላይ ከአንድ ሜትር የማያንስ ጠፍጣፋ ብረት ተጋድሟል። «ጋሼ፣ ይህን አጥፈው ቀለበት ይሥሩልኝ።»

ቀለበት ሲል የጣት አልነበረም። ከካምቢዮ የወጣውን ጉልበት ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ፣ የመንጃ ፈቃድ ስንማር ፕሮፔለር ሻፍት ያሉንን፣ ከፊተኛው ጫፉ አጠገብ ዙሪያውን የሚከብብ የብረት ቀለበት ነው። ሻፍቱ ደህና እስከሆነ ድረስ ቀለበቱ ሥራ ፈት ነው፤ አይነካውም፣ አይደግፈውም። ሥራው የሚጀምረው ክሮቸራው፣ ማለትም የሻፍቱን ጫፍ ይዞ የሚያዞረው መስቀል መሳይ መገጣጠሚያ፣ የተሰበረ ዕለት ነው።

ለሁለቱ የሰጠሁት መልስ አንድ አልነበረም። ምክንያቱን እዚህ የምዘረዝረው ሌላም ገዢ እንደሚጠቀምበት ስለማስብ ነው። ሻጮች ስለ ቀለበቱ ውፍረት፣ ስለ ቀለሙና ስለ ፋብሪካው ስም ያወራሉ። እኔ ከብረት ጋር በኖርኩባቸው ዓመታት ያየሁት ግን ሸክም የተሰጠው ብረት አብዛኛውን ጊዜ የሚከዳው ከታሰረበት ተነቅሎ ነው። በር ከነማጠፊያው ሲገነጠል በሩ ራሱ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ቀለበት ከመምረጥ በፊት የመኪናን ወለል ከሥር ገብቶ ማየት ይቀድማል። ንጽጽሬም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ሐረጎ ላይ

ነገሩን ያወቅሁት ከስፖርት መኪና አይደለም። አባቴ ከአሰብ በሚሌና በባቲ በኩል ጭነት የሚያመላልስ የፊያት ኤንትሬ ሹፌር ነበር፤ እኔም ትምህርት ሲዘጋ ረዳቱ ነበርኩ። አንድ ክረምት ኮምቦልቻን አልፈን ሐረጎን ስንወጣ፣ መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሳለ፣ ከሥራችን መዶሻ ሰንጋ ላይ እንዳረፈ ያለ ድምፅ ተሰማ። የፊተኛው ክሮቸራ ተሰብሯል። ሻፍቱ ከፊት ወደቀ፤ ጫፉ አስፋልቱን ነከሰ፤ ወደ ፊት የሚሄደው መኪና ላዩ ላይ ወጣበት። ዘንጉ እንደ ቀስት ጎብጦ ሲወራጭ የፍሬኑን የአየር ቱቦ በጠሰው። ጉልበትም ፍሬንም በአንድ ጊዜ ሄዱ። ታኮ ይዤ ዘልዬ ከኋላ ጎማ ሥር የወሸቅሁበትን ፍጥነት ከዚያ ወዲህ አልደገምኩትም።

ልብ በሉ፣ መኪናው የሚሄደው ሰው በእግሩ ሊቀድመው በሚችል ፍጥነት ነበር።

የኋለኛው ክሮቸራ ቢሰበር ሻፍቱ ከኋላ እየተጎተተ ይሄዳል። ይንጫጫል፣ ያገኘውን ሁሉ ይደበድባል፣ የነዳጅ ታንከሩን ሊቀድ ይችላል፤ ነገር ግን መኪናውን አያነሳውም። ፊተኛው ሲሰበር ግን የዘንጉ ጫፍ መሬት ላይ ይተከልና መኪናው ምርኩዝ እንደሚዘል ስፖርተኛ ከኋላው ሊነሳ ይችላል። ቀለበቱ ከፊተኛው ክሮቸራ አጠገብ የሚታሰረው ለዚህ ነው። ከመሬት የዳነ ሻፍትም ቢሆን መሽከርከሩን ወዲያው አያቆምም። ዲፈረንሻሉ 3.73 የሆነ፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ሻፍቱ 3.73 ጊዜ የሚዞርበት መኪና በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ሻፍቱ በደቂቃ ወደ 4,800 ዙር ይሽከረከራል፤ በሰከንድ 80 መሆኑ ነው። ይህ ዘንግ ከሹፌሩ ዳሌ የሚለየው አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ላሜራና በምንጣፍ ነው።

ሌላው ጉዳይ መነሻው ላይ ያለው ጉልበት ነው። የእህቴ ልጅ ሙስታንግ ሞተር የመጠምዘዝ ኃይሉ 529 ኒውተን ሜትር ነው። በእጅ ማርሹ አንደኛው ይህን ኃይል በ3.66 ስለሚያበዛው ሻፍቱ ላይ ሲደርስ ከ1,900 ኒውተን ሜትር ይበልጣል። ያንን ሁሉ ሸክም የሚቀበለው በመዳፍ የሚያዝ መስቀል መሳይ ብረት፣ ክሮቸራው ነው።

ማን ይገደዳል፣ ማን ይቅርበት

የአሜሪካን የሩብ ማይል ውድድር ሕግ የሚያወጣው በ1951 የተመሠረተው ኤን ኤች አር ኤ የተባለው ማኅበር ነው። ሩብ ማይል 402 ሜትር ገደማ ነው። ሕጉ ጥርስ የሌለው የውድድር ጎማ አጥልቆ ርቀቱን በ13.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚጨርስ መኪና ቀለበት እንዲኖረው ያስገድዳል። ተራ የመንገድ ጎማ ላለው ግን ግዴታው የሚመጣው ከ11.49 ሰከንድ ጀምሮ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ጎማው መሆኑ በመጀመሪያ ግር ይላል፤ ሲያስቡት ግን ልክ ነው። ተራ ጎማ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ይንሸራተታል፣ በመንሸራተቱም ግፊቱን ያበርዳል። የውድድሩ ጎማ መሬቱን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል፤ አልንሸራተትም ሲል ያ ሁሉ ምት ተመልሶ ክሮቸራው ላይ ያርፋል።

የሙስታንጉ ሞተር ምንም ሳይነካ ሩብ ማይሉን በ13 ሰከንድ አካባቢ ይጨርሳል። እንግዲህ የእህቴ ልጅ በመንገድ ጎማው ቢሮጥ ማንም ቀለበት አምጣ አይለውም ነበር። የውድድር ጎማ የገዛ ዕለት ግን ሳያውቀው ቀለበትም ገዝቷል። ጎማውን አስቀድሞ ገዝቶ ስለ ቀለበቱ የሚጠይቅ ሰው ፈረሱን ሸጦ ልጓም የሚፈልገውን ያስታውሰኛል፤ እሱንም እንዲሁ ብዬዋለሁ።

ሕጉ ስለ ዕቃው የሚለው አጭር ነው። ቀለበቱ ሻፍቱን 360 ዲግሪ ይክበብ፤ ከፊተኛው ክሮቸራ ከ6 ኢንች፣ ማለትም ከ15 ሴንቲ ሜትር አይራቅ፤ ጠፍጣፋ ብረት ከሆነ ውፍረቱ ቢያንስ ሩብ ኢንች፣ ስፋቱ 2 ኢንች ይሁን፤ ቱቦ ከሆነ ውጫዊ ስፋቱ 7/8 ኢንች፣ የግድግዳው ውፍረት 0.065 ኢንች የሆነ የተበየደ የብረት ቱቦ ይሁን። በእኛ መለኪያ ጠፍጣፋው 6.35 ሚሊ ሜትር በ50.8፣ ቱቦው 22.2 ሚሊ ሜትር ሆኖ 1.65 ውፍረት ያለው ነው። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፏቸው፤ ወደ በኋላ ብረት መሸጫ ስንሄድ ያስፈልጉናል።

ቪትዝ ወይም የፊት ጎማ የሚስበውን አዲሱን ኮሮላ የሚነዳ ሰው ከዚህ በኋላ ያለውን ባያነብ አይጎዳም፤ መኪናው ወደ ኋላ የሚሄድ ሻፍት የለውም። ከ1997 ወዲህ የተሠራ የፊት ሞተር ኮርቬት ያለውም እንዲሁ፤ የእሱ ሻፍት ከሞተር እስከ ኋላ ድረስ በወፍራም ቱቦ ውስጥ ተሸፍኖ ነው የሚሄደው። መኪናውን ለሥራና ለሠርግ ብቻ የሚያወጣ ሰውም ገንዘቡን ለክሮቸራና ለፍሬን ቢያውለው ይሻለዋል።

ለሁሉ ይሆናል የሚባለው

በፎቶግራፍ ከመጡልኝ ሦስት ዕቃዎች የመጀመሪያው እንደ ሌክዉድ ያሉ ፋብሪካዎች የሚሸጡት፣ ለማንኛውም መኪና ይሆናል የሚባለው ዓይነት ነው። ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ታጥፎ፣ ከነቡሎኑ በካርቶን ይመጣል። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ስለሆነ የገዢን ዓይን ቶሎ ይስባል።

ለሁሉ ይሆናል ማለት ግን ለማንም አልተለካም ማለት ነው። ቀዳዳው የት እንደሚበሳ የሚወስነው ገዢው ነው። ወለሉን በሚበሱበት ቦታ ላይ የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ መስመር ወይም የእጅ ፍሬን ገመድ ያልፍ ይሆናል፤ ከላይ ደግሞ ከምንጣፉ ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። መበሻው በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ሊያገኛቸው ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ላሜራው ነው። የብዙ መኪኖች ወለል ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በዚህ ላይ ቡሎን በትንሽ ሮንዴላ ብቻ ማሰር ግዙፍ በሬን በክር እንደ ማሰር ነው። በሰከንድ 80 ጊዜ የሚዞር ዘንግ ቀለበቱን ሲመታው ቡሎኑ አይበጠስም፤ ላሜራውን ቀዶ ከነዳዶው ይወጣል። ከውስጥ በኩል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ሰሌዳ መደገፍ አለበት። ይህ ሰሌዳ በካርቶኑ ውስጥ ከሌለ የዕቃውን ርካሽነት እንደገና ማስላት ያሻል።

ሁለተኛ ጉድለትም አለበት። አንዳንዱ ከታች ብቻ የሚይዝ፣ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ነው፤ ከላይ የሚዘጋው የመኪናው ወለል ራሱ ነው። ሕጉ 360 ዲግሪ ይላል። ወለሉ እንደ ቀለበት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውን ከውድድሩ መርማሪ ጋር ቆሞ መከራከር የፈለገ ይግዛው። እኔ ከሁለት ግማሽ ተሠርቶ በቡሎን የሚገጣጠም፣ ሲዘጋ ሙሉ ክብ የሚሆነውን እመርጣለሁ፤ ሻፍቱን ለማውረድም አያስቸግርም።

ለአንድ መኪና ተለክቶ የተሠራው

ሁለተኛው እንደ ቢ ኤም አርና ዩ ኤም አይ ያሉ ፋብሪካዎች ለአንድ የመኪና ዓይነት ለክተው የሚሠሩት ነው። መኪናው ከፋብሪካው ሲወጣ በነበሩት ቀዳዳዎችና ቡሎኖች ይታሰራል፤ ላሜራው አይበሳም። ዋጋው በአብዛኛው ከ100 እስከ 250 ዶላር ይደርሳል። መኪናው ከፍ ብሎ ከቆመ አንድ ሰው ከምሳ በፊት ገጥሞ ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ ያደነቅሁት ብረቱን አይደለም፤ መያዣውን ነው። የሚታሰረው ፋብሪካው ራሱ ሸክም እንዲችል ብሎ ያወፈረው ቦታ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ላለ ሙስታንግ ወይም ካማሮ ከዚህ ሌላ መፈለግ ለእኔ ትርጉም የለውም። እዚያ የመካኒክ ሰዓት ውድ ነው። ለመጀመሪያው ዓይነት ምንጣፍ ለማንሳት፣ ለመብሳት፣ ሰሌዳ ለመቁረጥ የሚከፈለው ሲደመር የዋጋው ልዩነት ይጠፋል። መኪናው የተሸጠ ዕለትም ወለሉ ወንፊት አልሆነም።

ግን ከመክፈል በፊት ሻጩ መልስ የሚሰጥባቸው ጉዳዮች አሉ። ሙስታንጉ ከፋብሪካው ሲወጣ ሻፍቱ ሁለት ቁራጭ ነው፤ መካከል ላይ በኩሽኔታ ተደግፎ ይሄዳል። ብዙ ተወዳዳሪ ያንን አውጥቶ አንድ ወጥ የአሉሚኒየም ሻፍት ያስገባል። አንድ ወጡ ደግሞ ወፈር ያለ ነው፤ ስፋታቸው ከ9 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አሉ። ስለዚህ ቀለበቱ ለየትኛው ሻፍት እንደ ተለካ ሳይጠየቅ አይገዛም። ሌላው ማርሚታው ነው። የጭስ መውጫውን በወፍራም ቱቦ ያስቀየረ ሰው ቀለበቱና ቱቦው አንድ ቦታ ሊሻሙበት ይችላሉ። የእህቴ ልጅ ሁለቱንም አስቀይሯል፤ ፎቶግራፍ ሲልክልኝ ግን አንዱንም አላነሳም። እኔ ነኝ ከመኪናው ሥር ያነሳውን ፎቶ አጉልቼ አይቼ የነገርኩት።

ኮምቦልቻ ላይ የሚሠራው

ለዲኤክስ ተብሎ የተለካ ቀለበት ፈልጌ አላገኘሁም። ለደሴው ልጅ የቀሩት አማራጮች ሁለት ነበሩ፤ ለሁሉ ይሆናል የሚባለውን ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ ማስመጣት ወይም እዚሁ ማሠራት። ጠፍጣፋው ቀለበት ከነቡሎኑ ሁለት ኪሎ ግድም ቢመዝን ነው፤ ሻንጣ አያስቸግርም። ግን አስቡት፣ ከባሕር ማዶ የመጣውም ቢሆን ወለሉ መበሳቱ፣ ሰሌዳ መቆረጡ አይቀርም። ከባዱ ሥራ እዚሁ የሚሠራ ከሆነ ቀላሉን ለማስመጣት ወራት መጠበቅ ለምን? ስለዚህ ለእንዲህ ያለ መኪና ፍርዴ ለእጅ ሥራው ነው። የራሴን እንጀራ ስለምጋግር እንዳትጠረጥሩኝ፣ የእጅ ሥራው የሚበላሽባቸውን መንገዶች ሁሉ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ብረቱ ነው። ልጁ ያመጣው ጠፍጣፋ «50 በ6» ተብሎ የተሸጠለት ነበር። በካሊብሮ ስለካው 5.7 ሆነ። ሕጉ የሚለው 6.35 ነው፤ ወረቀቱን አውጡት። ገበያው ላይ 6 ተብሎ የሚጠራው ትክክለኛ 6 ቢሆን እንኳ ከሕጉ ያንሳል። ሜዳ ላይ መርማሪው መለኪያውን አውጥቶ በግማሽ ሚሊ ሜትር ሊመልሰው ይችላል። ስፋቱም 50 ከሆነ ከ50.8 ያንሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ 60 በ8 ይገዛል። ለአንድ ቀለበት የሚያስፈልገው ከ70 ሴንቲ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ የዋጋው ልዩነት የምሳ ያህል ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ባሌስትራ ነው። በእኛ አገር ጠንካራ ብረት ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው የአይሱዙ አሮጌ ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ተነባባሪ ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ቢላዋውም ገጀራውም ከእሱ ይሠራል። «ጋሼ፣ ከባሌስትራ ቢሆንስ?» ማለቱ ስለዚህ አላስገረመኝም። ባሌስትራ ካርቦን የበዛበት፣ ለመለጠጥና ለመመለስ የተሠራ ብረት ነው። ሲበየድ ከብየዳው ጎን ያለው ክፍል ይደርቅና እንደ ብርጭቆ ይሆናል፤ ምት ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ተራው፣ ለስላሳው ብረት ነው። ሲመታ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም፤ እየጎበጠም የምቱን ጉልበት ይበላዋል። ፌሮም ለዚህ አይሆንም። አሮጌ ሰንሰለት ወይም የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ በሻፍቱ ሥር ማንጠልጠልን ስለሚያስቡ ሰዎች የምለው አንድ ብቻ ነው፤ የሚዞር ዘንግ ሰንሰለት ካገኘ እንደ ክር ይጠቀልለዋል።

ማጠፉ ላይ ብዙ አልቆይም። 8 ሚሊ ሜትሩን አግሎ በወፍራም ቱቦ ላይ ማጠፍ፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ሳይነክሩ በአየር ማቀዝቀዝ ነው። ሁለት ግማሽ ክብ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ በጎንና በጎኑ ጆሮ ይወጣለታል፤ ጆሮዎቹ በቡሎን ይጋጠማሉ። የላይኛው ግማሽ ወደ ወለሉ የሚሄድ እግር ይኖረዋል። እግሩን ከቀለበቱ ጋር የምበይደው በ7018 ኤሌክትሮድ ነው፤ ይህ ኤሌክትሮድ እርጥበት አይወድም፤ በክረምት ከተከፈተ ፓኮ የወጣውን ሳያሞቁ መጠቀም ብየዳውን ከውስጥ ሊያሰነጥቀው ይችላል። ከላይ ሲያዩት ግን ያምራል፤ ክፋቱ እሱ ነው።

ወደ ወለሉ ስንመጣ ብዙ ብየዳ ቤቶች እግሩን በቀጥታ ላሜራው ላይ ይበይዱታል። አያስደስተኝም። ወፍራሙ ብረት ሙቀት ሲጠጣ ቀጭኑ ይቀልጣል፤ የተያዘ ይመስላል፣ ግን የያዘው በጠርዙ ብቻ ነው። በዲኤክሱ ላይ ያደረግሁት አራት 10 ሚሊ ሜትር፣ ራሳቸው ላይ 8.8 የተጻፈባቸው ቡሎኖች፣ ከውስጥ ሁለት 4 ሚሊ ሜትር ሰሌዳዎች፣ ሰሌዳዎቹም ላሜራው ከታጠፈበትና ከጠነከረበት ጠርዝ ላይ እንዲያርፉ ነው። ወንበሮቹ ወጡ፤ ምንጣፉ ተነሳ፤ የባትሪው ገመድ ተፈታ። ምንጣፉን ሳያነሳ በላዩ የሚበይድ ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። የዚህ መኪና ወለል በአንድ በኩል ዝጎ ስለነበር ያንን ቆርጦ አዲስ ላሜራ መተካት ከቀለበቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ዝገት ላይ ቀለበት አልገጥምም፤ ይህን ለማንም እናገራለሁ።

ክፍተቱን የለካሁት መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። በክሪክ ተነስቶ የኋላ ጎማው ሲንጠለጠል የሻፍቱ ማዕዘን ይቀየራል፤ ያኔ የተለካው ልክ መንገድ ላይ ልክ አይሆንም። በሻፍቱ ዙሪያ 2 ሴንቲ ሜትር ግድም እተዋለሁ። ከዚያ ከጠበበ ሞተሩ ሲወራጭ ይነካካል፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ የተሰበረው ሻፍት ቀለበቱ ውስጥ የሚወራጭበት ሜዳ ያገኛል። ሁለት ልጆች ከኋላ አስቀምጬ፣ ሻፍቱን በእጄ ዙሪያውን አዙሬ ክፍተቱን እንደገና አየሁት። በነገራችን ላይ የካምቢዮው መቀመጫ ጎማ ያረጀ ከሆነ ይህ ልኬት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ካምቢዮው ራሱ በየማርሹ ስለሚዘል።

ቱቦ ወይስ ጠፍጣፋ

ሦስተኛው ፎቶግራፍ ከቱቦ የተሠራ ነበር። ክብደት ለሚቆጥር ተወዳዳሪ ቱቦው ያሸንፋል፤ ሕጉ የሚጠይቀውን ልክ ይዞ ተመሳሳይ ክብ ሲሠራ ከጠፍጣፋው ሲሶ ገደማ ነው የሚመዝነው። ለአንድ ኪሎ ልዩነት የሚጨነቅ ሰው ግን በመጀመሪያ ከመኪናው ኋላ ያለውን የድምፅ ማጉያ ሣጥን ያውጣ። እዚህ አገር ሲሠራ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ለበርና መስኮት የሚሸጠው ቱቦ ግድግዳው አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው፤ ሲታጠፍ ይጨማደዳል፣ 1.65ም አይሞላም። 25 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ያለውን፣ ቱቦ ማጠፊያ ማሽን ያለው ቤት ከተገኘ እሰየው። አለበለዚያ ጠፍጣፋው ይበቃል።

ሁለቱ ምን ገዙ

የእህቴ ልጅ ሁለተኛውን ዓይነት ገዛ። ለአንድ ወጡ ሻፍት የሚሆነውን ጠይቆ፣ ማርሚታው አጠገብ ያለውን ክፍተት ለክቶ ነው ያዘዘው። የገጠመ ዕለት ከሥር የተነሳ ፎቶ ላከልኝ፤ ቀለበቱ ከክሮቸራው አራት ጣት እንኳ አይርቅም። «አብሽር» ብዬ መለስኩለት።

የደሴው ልጅ ነገር ለየት ይላል። ተራ ጎማ ነው ያለው፤ ሰዓቱም 11.49 አጠገብ አይደርስም፤ ኤን ኤች አር ኤም አያውቀውም። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ ከዚህ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በዚህ ስስ አየር ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር ጉልበቱን እየቀነሰ ነው የሚሄደው። በሕግ አይን ቀለበት አያስፈልገውም ነበር። የሚሮጠው ግን በዝግ ቦታ፣ ውድድር ሲዘጋጅ ብቻ መሆኑን አስምዬዋለሁ። ሐረጎ ላይ፣ አህያና አይሱዙ በሚተላለፉበት ጠመዝማዛ፣ ሩጫ የሚያምረው ሰው ካለ ቀለበትም እኔም አናድነውም።

ቀለበቱን ለምን ሠራሁለት? ሞተር ተቀይሯል፤ ሻፍቱና ክሮቸራው ግን ከቀድሞው፣ ከደካማው ሞተር ጋር የመጡት ናቸው። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ከቀጭኑ ቦታ ነው። ለዚህ ዓይነት መኪና ቀለበቱ ከሕጉ ይልቅ በምክንያቱ ተገቢ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ከሥር ገብቼ ሻፍቱን በሁለት እጄ ይዤ ወዲህና ወዲያ አወዛወዝኩት። የፊተኛው ክሮቸራ ቀጭ አለ። እንደገና ባወዛውዘውም እንደገና ቀጭ አለ። ኮፍያዎቹ ዙሪያ የዛገ ዱቄት ወጥቷል፤ ውስጡ ያሉት መርፌ መሳይ ኩሽኔታዎች ቅባት ካዩ ቆይተዋል። ልጁን ጠርቼ እጁን አስይዤ አሳየሁት።

«ይህ እኮ ቀለበቱ ይይዘዋል ጋሼ» አለኝ።

የታችኛውን ግማሽ ቀለበት ፈታሁና ከግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። የላይኛው ከወለሉ ጋር እንደ ታሰረ ቀርቷል። አዲስ ክሮቸራ ይዞ የመጣ ዕለት ሁለት ቡሎን ማጥበቅ ብቻ ነው የሚቀረኝ። ይህን ስጽፍ ቀለበቱ አሁንም እዚያው ተሰቅሏል።